እጅ ይቅደም፣ ስላይዱ ይደርሳል፦ የዲዛይን ታሪክንና ስቱዲዮን አንድ ላይ የማስተማር መመሪያ

ለመጀመሪያ ጊዜ የዲዛይን ታሪክ ኮርስ ሲሰጠኝ ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ 340 ስላይድ ሠራሁ። ከዋሻ ሥዕል እስከ ስማርት ስልክ ምንም አልቀረኝም። ክፍለ ጊዜው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር። ተማሪው ምሳውን በልቶ መጥቷል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ ፕሮጀክተሩ ሞቅ ያለ አየር ይነፋል። በአራተኛው ሳምንት ከኋላ ወንበር ማንኮራፋት ሰማሁ። ልቆጣ አልኩና ተውኩት። እኔም እንቅልፌ መጥቶ ነበር።

ፈተናው ላይ ግን ሁሉም ጎበዝ ነው። ስለ ጀርመኑ የዲዛይን ትምህርት ቤት «ባውሃውስ መቼ ተከፈተ?» ሲባል 1919 ብሎ ያልጻፈ የለም። የገረመኝ በማግስቱ ነው። እነዚያው ልጆች ስቱዲዮ ገብተው ፖስተር ሥሩ ሲባሉ ከፒንተረስት ምስል አውርደው ጽሑፉን ብቻ ቀየሩት። ትናንት ወረቀት ላይ የነበረው እውቀት ዛሬ እጃቸው ላይ የለም። ታሪኩ አንድ ክፍል፣ ስቱዲዮው ሌላ ክፍል፣ መሃል ላይ ኮሪደር።

ይህ መመሪያ ያንን ኮሪደር ስለማፍረስ ነው። (የከተማውን ኮሪደር ልማት አላልኩም።) ግራፊክ ዲዛይን ወይም ተቀራራቢ ትምህርት ለሚሰጥ፣ ከ30 እስከ 45 ተማሪ ላለው፣ 16 ሳምንት ለተሰጠው መምህር የተጻፈ ነው። አካሄዱ አንድ ነው፦ ተማሪው ነገሩን መጀመሪያ በእጁ ይሞክረዋል፣ ይቸገራል፣ ከዚያ ያንኑ ችግር ከእሱ በፊት ማን እንዴት እንደፈታው ይሰማል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ደረጃ 1፦ ኮርስ አውትላይኑን ቀድዳችሁ እንደገና ጻፉት

በዘመን ቅደም ተከተል የተጻፈውን አውትላይን አስቀምጡትና አምስት ወይም ስድስት ዕቃ ምረጡ። ዘመን አይደለም የምትመርጡት፣ እንቅስቃሴም አይደለም፣ ዕቃ ነው። የምመርጠው በሦስት ነገር ነው። ተማሪው ሄዶ ሊያየው ወይም ሊነካው ይችላል? ሠሪውን የከለከለው ነገር በግልጽ ይታያል? ወደ ሰፊው ዓለም በር ይከፍታል? የእኔ ዝርዝር የመንገድ ታፔላ፣ የብራና መጽሐፍ፣ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ የሸማ ጥለት እና የሦስት ኦሎምፒኮች ምልክት ነው። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጎንደር ወይም ሐዋሳ ያላችሁ ታፔላው ይለያል፣ ዕቃውም ይለያል።

«ታዲያ ቅደም ተከተሉ አይጠፋም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይጠፋም። አንድ ሲባጎ ግዙና ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ወጥሩት። ለአንድ ዓመት 1 ሴንቲሜትር ስጡ። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ ከታተመበት ከ1513 እስከ ዛሬ 5 ሜትር አልፎ ትንሽ ነው። በየሳምንቱ አንድ ተማሪ የተማርነውን ነገር በካርድ ሠርቶ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቅላል። ባውሃውስ ከ1919 እስከ 1933 ስለነበረ 14 ሴንቲሜትር ይይዛል። አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ተማሪዎቹ ይህንን ሲያዩ ዝም ይላሉ፤ በየመጽሐፉ ግማሹን ገጽ የሚይዝ ትምህርት ቤት ነዋ።

የአባ ገሪማን ወንጌል ለመስቀል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ብራናው በካርቦን ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ተቀምጧል። በእኛ ሚዛን ከ1513 ወደ ግራ ከ8 ሜትር ተኩል በላይ መሄድ አለብን። ሲባጎው በመስኮት ወጥቶ ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ ላይ ታሰረ። አሁንም እዚያው ነው፤ ጥበቃው ልብስ ማስጫ መስሎት አንዴ ሊፈታው ነበር።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያው ቀን ላይ ሌክቸር የለም

ክፍል ገብታችሁ ስም ጠርታችሁ ውጡ። አራት አራት ሆነው ይከፈሉ። እያንዳንዱ ቡድን በእጅ የተቀባ አንድ ታፔላ ይፈልጋል፦ ሥጋ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ጎሚስታ፣ ምንም ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ እየከበደ መጥቷል። ብዙ አሮጌ ቤት ተነስቷል፣ የቀረው ላይ ባነር ተለጥፏል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ሰፈሩን ዞራችሁ እዩት፤ ተማሪ ይዞ መንከራተት ጥሩ አይደለም።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ስልክ ኪስ ውስጥ ነው። ፎቶ የለም። ታፔላውን በእርሳስ ይሥሉታል፣ የፊደሉን ቁመት በስንዝር ይለካሉ፣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለውን ክፍተት ይመዘግባሉ። መጀመሪያ ግን ባለቤቱን ሰላም ብለው ያስፈቅዳሉ። ይህን አደራ። አንድ ጊዜ ሳላስታውሳቸው ቀርቼ ስድስት ልጅ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሞ ሲጽፍ ባለቤቱ የገቢዎች ሠራተኛ መስለዋቸው በሩን ሊዘጉ ነበር።

ከዚያ ይጠይቃሉ፦ ማን ቀባው? መቼ? በስንት? ሠዓሊው በሕይወት ካለ ፈልጓቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ያገኘናቸው አንድ ጋሼ ከእኔ ሌክቸር ሁሉ የተሻለ አስተማሩ። «ቀለሙ ሲያልቅ ፊደሉን አሳንሳለሁ» አሉ። አለቀ። ስለ ቁሳቁስና ቅርጽ ግንኙነት ሌላ ምን ትላለህ?

ወደ ክፍል ሲመለሱ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሠሪውን ምን ከለከለው? ያ ጥያቄ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አብሮን ይቆያል። አንድ ቡድን «ምግብ ቤት» የሚል ታፔላ ሥሎ መጣ። «ምግብ» ደረቱን ነፍቶ ተንደላቋል። «ቤ» ጠበብ ብሏል። «ት» ደግሞ ጠርዙ ላይ ተጣብቃ አውቶቡስ በር ላይ የተንጠለጠለ ሰው መስላለች። ታዲያ ይህ ምን ይነግረናል? ቀቢው በእርሳስ ሳያሰምር እንደጀመረ። ብሩሹን ከግራ ይዞ እንደሄደ። ቦታ ማለቁን ያወቀው ዘግይቶ እንደሆነ። ይህን ከራሱ ሥዕል ላይ ያነበበ ተማሪ ሌላ ጊዜ ብራና ላይ ያለውን መስመር ሲያይ ለምን እንደተሰመረ አይጠይቃችሁም።

መንገድ ላይ ሳላችሁ ጠላ ቤት ካገኛችሁ አትለፉት። እንጨት ላይ የተደፋች ጣሳ። ፊደል የለባትም፣ ሁሉም ያነባታል። ሥሏትና አስቀምጧት፤ ኦሎምፒክ ላይ ስንደርስ ትፈለጋለች።

ደረጃ 3፦ የፊደሉ ሦስት ሳምንት

የኮርሱ ልብ ይህ ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ቁረጡ፣ ይህን አትንኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት የብራና ነው። ወመዘክር ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሄዳችሁ እውነተኛ ብራና አሳዩአቸው። ሲመለሱ ወፍራም ወረቀት፣ መርፌ፣ ማስመሪያ፣ ደንዳና ሚስማር ስጧቸው። ቁም ጸሐፊ ገጹን በወስፌ ጠርዝ ጠርዙን ይወጋል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም በሌለው መስመር ይጭራል፣ ከዚያ ነው ብዕር የሚያነሳው። ተማሪዎቹም እንደዚያው ያድርጉ። መቃ ካልተገኘ የአይስክሬም እንጨት በምላጭ ሰንጥቆ መቅረጽ ይበቃል። ሁለት ዓምድ ይክፈሉ፣ አሥር መስመር ይጻፉ፣ አርዕስቱን በቀይ ያድርጉ። ሦስት ሰዓት ይፈጃል። አንገት ያማል። ግሪድ የሚባለው ነገር፣ ገጽን በመስመር የመከፋፈል ዘዴ፣ ከስዊዘርላንድ በ1950ዎቹ የመጣ ብቻ የሚመስለው ልጅ እዚህ ላይ ቀና ብሎ ያያችኋል።

ሁለተኛው ሳምንት የኅትመት ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ላጲስና አንድ ፊደል ስጡ። ፊደሉን በላጲሱ ላይ ቀርጾ ያመጣል፤ ሁላችንም ገጣጥመን አንድ መስመር እናትማለን። ፊደሉ ተገልብጦ መቀረጽ እንዳለበት አትንገሯቸው። ሁልጊዜ ግማሹ ቀጥ አድርጎ ቀርጾ ይመጣል፣ ሲታተም ይገለበጣል፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ቀለሙ እጃቸው ላይ እያለ ነው ታሪኩ የሚነገረው።

ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የጀርመኗ ከተማ የኮሎኝ ሰው ሮም ውስጥ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲያዜሙ ሰማ። ቋንቋውን ከእነሱ ተማረና በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። ቋንቋውን ግን «ከለዳዊ» ብሎ ነበር የሚጠራው። ተሳስቶ። (ገብረ ክርስቶስ ደስታም ከዘመናት በኋላ ሥዕል የተማረው እዚያው ኮሎኝ ነው። አጋጣሚ ነው፣ ግን ሲባጎው ላይ ደስ ይላል።) ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1548 እና 49፣ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም አዲስ ኪዳንን አሳተሙ። መጽሐፉ ውስጥ አንባቢውን ይቅርታ ይጠይቃሉ። ፊደሉን የደረደሩት ማንበብ አይችሉም፣ እኛ የምናነበው ደግሞ መደርደር አናውቅም፤ ስህተት ብታገኙ በዚህ ነው ይላሉ።

እዚህ ላይ ዝም በሉ። ተማሪዎቹ ራሳቸው ይናገሩታል። ማተሚያ ቤት ፋይል ልኮ «ጸ» እና «ፀ» ተምታቶ፣ «አ» ሳጥን ሆኖ የወጣለት ልጅ በክፍሉ ውስጥ አለ። ተስፋ ጽዮን ጎረቤቱ ይሆናሉ።

ሦስተኛው ሳምንት የጽሕፈት መኪና ነው፤ በኔ ግምት ከሁሉም የሚጥመው። ለአራት ለአራት ተማሪ 45 ካሬ የተሰመረበት ወረቀት ስጡ። እያንዳንዱ ካሬ አንድ ቁልፍ ነው። አንድ ቁልፍ ሁለት ምልክት ይይዛል፣ ከነሺፍቱ። 90 ቦታ አላችሁ ማለት ነው። ፊደሉ ደግሞ 33 በ7፣ 231 ነው። እነ ሏን፣ ቧን፣ ቁጥሩንና ነጥቡን ሳንጨምር። ሥራው፦ በእነዚህ ቁልፎች አማርኛ ጻፉ። ጊዜው 90 ደቂቃ።

የሚሆነውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች «አይቻልም» ይላሉ። ከዚያ አንዷ «ገላውን ለብቻ፣ እግሩን ለብቻ ብናደርገውስ?» ትላለች። ጭብጨባ። የካዕቧን ቅጥያ አንድ ቁልፍ ያደርጓታል፦ «ለ» ሲደመር ጭረት «ሉ»፣ «በ» ሲደመር ጭረት «ቡ»። ደስታ ነው። «ሩ» ላይ ሲደርሱ ጭረቷ ቦታዋን ትቀይራለች። «ላ» ላይ የግራው እግር ማጠር አለበት፤ ጨምሮ ማሳጠር ደግሞ አይቻልም። ሳድስ ላይ ሲደርሱ ሕግ የሚባል ነገር ያልቃል፦ «ል» «ር» «ን» «ት» እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ይጨቃጨቃሉ። «ት» የግድ የራሷ ቁልፍ ያስፈልጋታል፣ በየቃሉ ነው ያለችው። «ዥ»ስ? «ጰ»ስ? አንዱ ቡድን ፊደል ይቀንስ ብሎ ወሰነ፣ ሌላው ሃይማኖተኛ ሆኖ ተቆጣ። እኔ ሻይ እየጠጣሁ አያለሁ።

90 ደቂቃው ሲያልቅ በእውነተኛው መኪና የተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ አውጡ። በየቤቱ አለ፤ የአባት የሹመት ደብዳቤ፣ የቀበሌ ማስረጃ። ቅጥያዎቹ ከገላው ትንሽ ተነጥለው ቆመዋል። ፊደሉ የተሰበረ የሚመስለው ለዚህ ነው። አሁን ስለ ኢንጂነር አያና ብሩ፣ የአማርኛ መኪና ሲነሳ ስሙ ስለሚነሳው ሰው፣ ብትናገሩ ተማሪው የሚያዳምጠው እንደ ሥራ ባልደረባው ነው። ያንኑ ችግር አብሮት ታግሏላ። ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ዘመን በአሥር ደቂቃ፦ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የሚባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች አንዱ የጻፈውን ሌላው ያላነበበበት ጊዜ፣ ከዚያ በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መዝገብ፣ መግባቱ። ስልካቸው ላይ አማርኛ የሚጽፉት በዚያ ነው።

ደረጃ 4፦ ጋዜጣ ብቻ፣ ኮላ የለም

ባውሃውስን የማስተምረው በአንድ ቀን ነው። ዮዜፍ አልበርስ ከ1923 ጀምሮ እዚያ የጀማሪዎችን ኮርስ ሲያስተምር ለተማሪ ጋዜጣ ያድልና ከዚህ የተሻለ ነገር ሥሩ ይል ነበር። ቁሱን አክብሩ፣ አታባክኑ፣ ቢቻል ኮላም አትጠቀሙ። አሮጌ አዲስ ዘመን ሰብስቡና እንደዚያው አድርጉ። 40 ደቂቃ በቂ ነው። ቤት፣ መርከብ፣ አውሮፕላን የሠራ ይኖራል፤ ወረቀቱን አንዴ ብቻ አጥፎ ያቆመም ይኖራል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና የትኛው ወረቀት መሆኑን እንደሚያውቅ ጠይቁ። ጀርመን ከጦርነት ወጥታ የደኸየችበት ጊዜ እንደነበር ያኔ ንገሯቸው። የበጀት እጥረት ያለበት ዲፓርትመንት ውስጥ ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያሻውም።

ሽሮ ሜዳ ለግማሽ ቀን ከሄዳችሁ ይህን አያይዙት። ተማሪው አንድ ጥለት መርጦ ክሩን ቆጥሮ በካሬ ወረቀት ላይ ያሰፍራል። ፒክስል ማለት ይህ ነው። ዣካርድ በ1804 ሸማኔውን በተበሳ ካርድ መምራቱን ጨምሩበት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጣሉ፦ ባውሃውስ ሴት ተማሪዎችን ወደ ሽመና ክፍል ነበር የሚገፋው፤ ጉንታ ሽቶልትስልና አኒ አልበርስ ከዚያ ነው የወጡት። የሴት ሥራ ነው ተብሎ። ሽሮ ሜዳ ግን እንዝርቱ የእናቶች ነው፣ መወርወሪያውን የያዘው ወንድ ነው። ታዲያ ሽመና የማን ሥራ ነው? ማን ወሰነ? ክርክሩ እስከ ካፌ ይከተላችኋል።

ደረጃ 5፦ ሦስት ማራቶን፣ ሦስት ከተማ

አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ ሁሉም ያውቃል። ከተማው ግድግዳ ላይ ምን እንደነበር ግን የሚጠይቅ የለም። ጃፓንኛ የማያነብ ዓለም ሊመጣባቸው ስለሆነ በካትሱሚ ማሳሩ መሪነት ለየስፖርቱ አንድ ምልክት ተሠራ፤ የስፖርቶቹን የሣለው ያማሺታ ዮሺሮ ነው። ካሜኩራ ዩሳኩ ደግሞ ነጭ ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ክብ፣ ከሥሩ ወርቃማ ቀለበቶች አድርጎ ፖስተሩን ጨረሰ።

በ1968 ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ወርቁን ወሰደ። እዚያ ዲዛይነሩ ላንስ ዋይማን 68 ቁጥርን ከአምስቱ ቀለበቶች አውጥቶ መስመሩን እንደ ኩሬ ማዕበል አስፋፋው፤ ከሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ጥበብም ወስዷል። ምልክቶቹ ላይ ሙሉ ሰው የለም፤ እጅ፣ እግር፣ ኳስ ነው። በ1972 ሙኒክ ላይ ማሞ ነሐስ አገኘ፣ ምሩጽ ይፍጠርም በ10 ሺህ ሜትር እንዲሁ። እዚያ ዲዛይነሩ ኦትል አይኸር ሰውን በ45 እና በ90 ዲግሪ መስመሮች ብቻ ሠራው። ከቀይ ቀለምም ሸሸ፤ የናዚ ትዝታ ነበረበት። የባለቤቱ የኢንጌ ሾል ወንድምና እህት በናዚ የተገደሉ ናቸው። ስለዚህ ያ ለስላሳ ሰማያዊና አረንጓዴ የፋሽን ምርጫ አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። የሦስቱን ኦሎምፒኮች ምልክቶች አትሙና ስጧቸው። ከዚያ ዋይማን በ1969 ለተከፈተው የሜክሲኮ ሜትሮ ለየጣቢያው ምልክት እንደሠራ ንገሩ፤ ማንበብ የማይችል መንገደኛም እንዳይጠፋ። እነሱም ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ባለው የቀላል ባቡር መስመር ላይ ለአምስት ጣቢያ ምልክት ይሥሩ። ስታዲየም ቀላል ነው። «መገናኛ» ግን ያስለቅሳል። ምኑን ትሥላለህ? መገናኘትን? ትራንስፖርቱን? ግርግሩን? የተደፋችዋን ጣሳ አሁን አውጡ። እሷ ጠላን አትሥልም፤ ሁላችን ተስማምተን ያነበብናት ዕቃ ናት። አንዳንዱ እዚህ ላይ መንገዱን ያገኘዋል። ለመፈተን ሥራቸውን ባቡር ጠባቂ አምስት ሰው ያሳዩ፤ ሦስቱ ካላወቁት ይመለሱ።

ደረጃ 6፦ ሌክቸር 20 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ ከሥራው በኋላ

የባውሃውስ መሥራች ዋልተር ግሮፒየስ ታሪክ የጀማሪን እጅ ያስራል ብሎ ይፈራ ነበር። ግማሽ እውነት አለው። ትልልቅ ሥራዎችን ሳይሞክር ያየ ልጅ ወይ ይኮርጃል ወይ ይፈዛል። መፍራት የነበረበት ግን ታሪኩን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ነው ባይ ነኝ። ከተቸገረ በኋላ ይየው። ስላይድ ከ15 አይበልጥ። አንዱን ምስል ቢያንስ አምስት ደቂቃ አቆዩት።

ደረጃ 7፦ ይሉኝታንና ክሪቲኩን ማስታረቅ

እኛ አገር ክሪቲክ፣ ሥራን ሰቅሎ መተቸት፣ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ሁሉም «በጣም ያምራል» ይላል፣ ወይ መምህሩ ብቻውን ተነስቶ ልጁን ያፈርሰዋል። ጓደኛውን በሰው ፊት የሚያርም ተማሪ የለም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ማታ ዶርም ሲገቡ ግን እውነቱን ይነጋገራሉ። ያንን የማታ ወሬ ወደ ቀን ማምጣት ነው ዘዴው።

ሥራዎቹ ይሰቀሉ። አምስት ደቂቃ ማንም አይናገርም፤ ሁሉም ስም በሌለው ቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጽፋል፦ ምን አየሁ፣ ዓይኔ የት ቆመ፣ ምን ልጠይቅ። «ምን አየሁ» ውስጥ ቅጽል ክልክል ነው። «ቆንጆ» ያለ 5 ብር ይቀጣል፤ «አልተመቸኝም» ያለም እንዲሁ። ባለፈው ዓመት በቅጣቱ ሁለት ዙር ቡና ጠጥተናል። ወረቀቶቹን ሌላ ሰው ያነባቸዋል፣ ባለሥራዋ ታዳምጣለች፣ መጨረሻ ላይ ትመልሳለች። መምህሩ ከሁሉም በኋላ ይናገራል። ቀድሜ የተናገርኩባቸውን ቀኖች አስታውሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ የተሰማው «ቲቸር እንዳሉት» ብቻ ነበር።

አንድ ግዴታ አለ፦ ጎረቤት። እያንዳንዱ ተማሪ ከሥራው አጠገብ ከሲባጎው ላይ አንድ ካርድ አውርዶ ይሰቅላል። መልኩ የሚመስለውን አይደለም፣ ችግሩ የሚመስለውን። ፒንተረስት በመልክ ነው የሚያዛምደው፤ እኛ በችግር ነው። አንዲት ልጅ ለእናቷ የበርበሬ ማሸጊያ ስትሠራ በአንድ ቀለም ብቻ ማተም ነበረባት፣ ብር ስለሌለ። ጎረቤት ያደረገችው የብራናውን ጥቁርና ቀይ ነበር። «ጸሐፊው ሁለት ነበረው፣ እኔ አንድ አለኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ማሸጊያው ላይ ያለው ቀይ መደብ የበርበሬው የራሱ ሆነ፤ ጥቁሩን ብቻ አተመች፣ በቀረው ቦታ ላይ በርበሬው በፕላስቲኩ ውስጥ ይታያል።

40 ተማሪ በ10 ደቂቃ ቢባዛ ወደ 7 ሰዓት ይሆናል። አይሞከርም። አሥር አሥር አድርጋችሁ አራት ግድግዳ ላይ በአንድ ጊዜ አስጀምሩና እናንተ ዙሩ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ምንም አይቆምም፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ፕሮጀክተር የሚፈልገው 20 ደቂቃዋ ብቻ ናት።

ደረጃ 8፦ ውጤት

የሥራ ደብተር 40፣ ያለቀ ሥራ 30፣ ካርድና ጎረቤቱን በቃል ማስረዳት 20፣ ክሪቲክ ላይ መሳተፍ 10። ደብተሩ ከሥራው የሚበልጠው ሆን ብዬ ነው፤ ሰብሚሽን ዋዜማ ላይ ገዝቶ የሚመጣ አለ፣ የ16 ሳምንት ስህተት ግን አይገዛም። ፈተና ግድ ከተባላችሁ የማያውቁትን ዕቃ ፎቶ አቅርቡና ያቺኑ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሠሪውን ምን ከለከለው? ከየት አወቅህ? ዓመቱን ከሲባጎው ላይ እንዲያዩ ፍቀዱ።

የመጨረሻው ሳምንት

እያንዳንዱ ቡድን ወደ መጀመሪያው ታፔላው ተመልሶ ለባለቤቱ አዲስ ዲዛይን ያቀርባል። የምግብ ቤቱ ቡድን ሦስት አማራጭ አሳምሮ፣ ፊደሉን ራሱ ሥሎ፣ ክፍተቱን ለክቶ ሄደ። ባለቤቷ እትዬ ሦስቱንም አዩና «ቆንጆ ናቸው ልጆቼ» አሉ። (5 ብር አልጠየቅናቸውም።) «ግን ያኛውን የሣለልኝ ወንድሜ ነው፣ ነፍሱን ይማርና» አሉ። ልጆቹ ተያዩ። በማግስቱ ትንሽ ቆርቆሮ፣ ሁለት ሚስማርና አንድ ጣሳ ቀለም ይዘው ተመለሱ። ታፔላውን በቀኝ በኩል አንድ ስንዝር አስረዘሙትና «ት»ን አውርደው እዚያ ላይ ቀቧት።